ተማሪው የሚቀጥረው መምህር፦ የሁዋን ካርሎስ ፌሬሮ ጉዞ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት

ዲሴምበር 17 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የዓለም ቁጥር አንድ የቴኒስ ተጫዋች የሆነው ስፔናዊው ካርሎስ አልካራዝ ከአሰልጣኙ ከሁዋን ካርሎስ ፌሬሮ ጋር መለያየቱን በማኅበራዊ ገጹ አስታወቀ። ሁለቱ ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ በእነዚህ ዓመታት አልካራዝ በኤቲፒ (በወንዶች የቴኒስ ተጫዋቾች ማኅበር) ውድድሮች 24 ዋንጫዎችን ያነሣ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ የግራንድ ስላም፣ ማለትም የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫዎች ናቸው። በ2025 ብቻ እንኳ የፈረንሳይ ኦፕንንና የአሜሪካ ኦፕንን አሸንፎ ዓመቱን በደረጃው አናት ላይ ሆኖ ነበር የጨረሰው። አሰልጣኝ የሚሰናበተው ውጤት ሲጠፋ ነው ብሎ የለመደ የእግር ኳስ ተከታታይ ይህን ዜና ሲሰማ ግር ቢለው አይፈረድበትም። ፌሬሮም ቢሆን በስንብት መልእክቱ መቀጠል ይወድ እንደነበር አልሸሸገም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መለያየቱ ብዙ ተብሏል፤ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከወሬው ሥር ያለውን ጉዳይ ነው። በቴኒስ መምህሩን የሚቀጥረው፣ ደመወዙን የሚከፍለውና የሚያሰናብተው ተማሪው ራሱ ነው። የእግር ኳስ አሰልጣኝ አልታዘዝ ያለውን ተጫዋች ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ የቴኒስ አሰልጣኝ ግን ከመጀመሪያውም ተቀምጦ የሚመለከተው እሱ ነው። ታዲያ ማዘዝ የማይችል ሰው ምን ይዞ ይመራል? የፌሬሮ የሕይወት መንገድ፣ ከተጫዋችነቱ ውድቀት ጀምሮ እስከዚህ ስንብት ድረስ፣ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የተሻለው ነው።

ፌሬሮ የተወለደው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1980 በቫሌንሲያ ግዛት ኦንቲንየንት በምትባል ከተማ ነው። ሰውነቱ ቀጭን፣ እግሩ ፈጣን ስለነበር «ቢምቢ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ገና ጎረምሳ ሳለ እናቱ በካንሰር ሞቱበት። በቴኒስ ያሳደገው አንቶኒዮ ማርቲኔዝ ካስካሌስ የተባለ አሰልጣኝ ሲሆን፣ ቦታውም በአሊካንቴ ግዛት ቪሌና አጠገብ ያለው ኤኬሊቴ የተሰኘው አካዳሚ ነው። ይህን ቦታ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እፈልጋለሁ፤ ታሪኩ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደዚያው ነውና።

በዲሴምበር 2000 ስፔንና አውስትራሊያ ባርሴሎና ላይ ለዴቪስ ካፕ (ለአገሮች የቡድን ውድድር) ፍጻሜ ሲገናኙ፣ የ20 ዓመቱ ፌሬሮ ሌይተን ሂዊትን አሸንፎ ለአገሩ በታሪኳ የመጀመሪያውን ዋንጫ አስገኘ። የፈረንሳይ ኦፕን በሚካሄድበት በሮላንድ ጋሮስ ቀይ አፈር ላይ ግን ዋንጫው ለጥቂት ዓመታት ሸሸው። በ2000ም በ2001ም በግማሽ ፍጻሜው የተሸነፈው በሁለቱም ዓመት ዋንጫውን በወሰደው በብራዚላዊው ጉስታቮ ኩርተን ነው። በ2002 ፍጻሜ ደርሶ በአገሩ ልጅ በአልበርት ኮስታ ተረታ። በመጨረሻ ጁን 8 ቀን 2003 ኔዘርላንዳዊውን ማርቲን ፌርከርክን 3 ለ 0 አሸንፎ የፈረንሳይ ኦፕንን ወሰደ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ አንድሬ አጋሲን ጣለ፤ በፍጻሜው በአንዲ ሮዲክ ቢሸነፍም፣ በማግስቱ ሴፕቴምበር 8 በወጣው ሰንጠረዥ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ዕድሜው 23 ነበር።

በዚያ ወንበር የቆየው ስምንት ሳምንት ብቻ ነው።

በ2004 መጀመሪያ በአውስትራሊያ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ከደረሰ በኋላ ኩፍኝ መሰል በሽታ ያዘው፤ እሱ ሲለቀው የጎድን አጥንቱና የእጁ አንጓ ተጎዱ። ዓመቱን ከሠላሳዎቹ ምርጦች ውጪ ሆኖ ጨረሰ። ሲመለስ ደግሞ ቴኒሱ እሱ ትቶት የሄደው ቴኒስ አልነበረም፤ ሮጀር ፌደረር ሁሉን ጠቅልሎ ነበር፣ በቀዩ አፈር ላይ ደግሞ ከገዛ አገሩ ራፋኤል ናዳል የሚባል ጎረምሳ ተነሥቶ ከ2005 ጀምሮ ሮላንድ ጋሮስን ርስቱ አደረገው። ፌሬሮ በኦክቶበር 2003 ማድሪድ ላይ ካሸነፈ በኋላ ቀጣዩን ዋንጫ ያገኘው በኤፕሪል 2009 በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ነው። በመካከሉ ከአምስት ዓመት በላይ አለ። በእነዚያ ዓመታት አላቋረጠም፤ በየሳምንቱ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ወጣ፣ ተጫወተ፣ ተሸነፈ፣ ተመለሰ። በ2012 በቫሌንሲያ፣ በወገኖቹ ፊት ራኬቱን ሲሰቅል የሰበሰባቸው ዋንጫዎች ቁጥር 16 ነበር።

የፌሬሮን አሰልጣኝነት የሠራው ይህ ረጅሙ የመውረድ ዘመን እንጂ የ2003 ከፍታ አይደለም የሚል እምነት አለኝ። ቁጥር አንድ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም አሉ። በ23 ዓመቱ አናት ላይ ወጥቶ፣ በ24 ዓመቱ ሰውነቱ ከድቶት፣ ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ያንን ከፍታ ሲፈልግ የኖረ ሰው ግን ለአንድ ወጣት የሚነግረው ነገር ከሌሎቹ ይለያል። ዕረፍት ለምን የሥራው አካል እንደሆነ፣ ትንሽ ሕመም ለምን እንደማይናቅ፣ መልካም ዓመት ለሚቀጥለው ዓመት ዋስትና እንደማይሆን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ አካሉ ያወቀው ነው።

ይህ በሌሎችም ላይ የታየ ነገር ነው። የቀድሞው የዓለም ቁጥር አንድ ኢቫን ሌንድል የመጀመሪያዎቹን አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች በተከታታይ ተሸንፎ ነበር በ1984 ፓሪስ ላይ ያሸነፈው። በ2012 መጀመሪያ ብሪታንያዊውን አንዲ መሪን ማሠልጠን ሲጀምር መሪ ሦስት ፍጻሜዎችን ተሸንፎ ነበር፤ አራተኛውንም በዚያው በጋ ዊምብልደን ላይ ተሸነፈ፤ ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኦሎምፒክ ወርቅና የአሜሪካ ኦፕንን አገኘ። ሌንድል ለመሪ የሰጠው ትልቁ ስጦታ ስምንቱ ዋንጫዎቹ ሳይሆኑ እነዚያ አራት ሽንፈቶች ይመስሉኛል። በሌላ በኩል ታላቅ ተጫዋች መሆን ለአሰልጣኝነት ግድ እንዳልሆነ ዳረን ኬሂል ምስክር ነው። አውስትራሊያዊው ኬሂል በተጫዋችነቱ በግል ውድድር ከ1988ቱ የአሜሪካ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ የራቀ የግራንድ ስላም ውጤት የለውም፤ ሆኖም ሂዊትን፣ አጋሲን፣ ሲሞና ሃሌፕን፣ አሁን ደግሞ ከሌላው አሰልጣኝ ከሲሞኔ ቫኞዚ ጋር ጣሊያናዊውን ያኒክ ሲነርን በዓለም ቁጥር አንድነት ያየ አሰልጣኝ ነው። የናዳል አጎት ቶኒም ስሙ የተጠራ ተጫዋች አልነበረም።

ፌሬሮ ራሱ በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራው አልተሳካለትም። በ2017 አጋማሽ የጀርመናዊውን አሌክሳንደር ዝቬሬቭን ቡድን ተቀላቀለ፤ ዝቬሬቭ ወዲያው በዋሽንግተንና በሞንትሪያል አሸነፈ። ይሁን እንጂ አብሮነታቸው ስምንት ወር እንኳ አልሞላም፤ በፌብሩዋሪ 2018 ተለያዩ። ዝቬሬቭ ፌሬሮ ለቀሩት የቡድኑ አባላት አክብሮት አላሳየም ሲል፣ ፌሬሮ ደግሞ ወጣቱ ሰዓት አያከብርም ብሎ ወቀሰ። ማን ልክ እንደነበረ መፍረድ የእኛ ፋንታ አይደለም፤ ከዚህ የሚታየው ግን ዝቬሬቭ በአባቱ ሠልጥኖ፣ የራሱን ቡድን ሰብስቦ፣ ከዓለም ምርጥ አሥር ውስጥ ገብቶ የጨረሰ ተጫዋች መሆኑ ነው። ፌሬሮ የገባው በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነበር፤ በሌላ ሰው ቤት ደግሞ ሥርዓት ማውጣት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የወሰደው እርምጃ አሰልጣኝነቱን ለወጠው ማለት ይቻላል። በዚያው 2018 ከሙርሲያ አጠገብ ከምትገኘው ኤል ፓልማር የመጣውን የ15 ዓመት ልጅ በቪሌና ተቀበለ። ካርሎስ አልካራዝ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 2003 ነው፤ ፌሬሮ ፓሪስ ላይ ዋንጫውን ሲያነሣ ልጁ ገና የአንድ ወር ጨቅላ ነበር። በዚህ ጊዜ ቤቱ የፌሬሮ ነው። ራሱ ያደገበት ኤኬሊቴ አካዳሚ አሁን የእሱን ስም ይዟል፤ የድሮ መምህሩ ካስካሌስም እዚያው ነው። ልጁ ከከተማ ግርግር ርቆ በአካዳሚው ቅጥር ውስጥ ባለች ቀላል የእንጨት ቤት እያደረ ይሠለጥን ነበር። የዓለም ታዋቂ ከሆነ በኋላም እንኳ ለዝግጅት የሚመለሰው ወደዚያው ነበር። ማዘዝ የማይችል አሰልጣኝ ያለውን ጉድለት በቦታው ሞላው ማለት ነው፤ የመኝታ ሰዓቱ፣ የምግቡ፣ የልምምዱ ሥርዓት አስቀድሞ የተተከለ ስለሆነ ፌሬሮ በየቀኑ መከራከር አላስፈለገውም።

ልጁ በፌብሩዋሪ 2020 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የመጀመሪያውን የኤቲፒ ጨዋታ ሲያደርግ 16 ዓመቱ ነበር። ዝናብ ያዘገየው ጨዋታ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አልቆ አልበርት ራሞስን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ፈጣን ነው፤ ዝርዝሩን ሁሉ ማስቀመጥ አያስፈልግም። አንድ ቀን ግን ማንሣት ግድ ይለኛል። በማርች 2022 መጨረሻ አልካራዝ በማያሚ ሲጫወት ፌሬሮ አብሮት አልነበረም፤ አባቱ ኤድዋርዶ ሞተውበት አገሩ ነበር። ልጁ ፍጻሜ ሲደርስ ፌሬሮ ከቀብር ቤት ተነሥቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ሳይነግረው ማያሚ ደረሰ። አልካራዝ ሲያየው በደስታ ተጠመጠመበት፤ ኤፕሪል 3 ቀንም ካስፐር ሩድን አሸንፎ በ18 ዓመቱ ከግራንድ ስላም በታች ካሉት ትልልቅ ውድድሮች፣ ከማስተርስ፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። እናቱን በጉርምስናው ቀብሮ ቴኒስ መጫወቱን የቀጠለ ሰው፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ አባቱን ቀብሮ ወደ ቴኒስ ሜዳ ተመለሰ። በውል ላይ የሚጻፍ ግዴታ አይደለም ይህ።

በቴክኒኩ በኩል የማደንቀው ደግሞ ፌሬሮ ራሱን በልጁ ላይ አለመድገሙ ነው። ፌሬሮ በአብዛኛው ከሜዳው ኋላ መስመር ቆሞ በፎርሃንዱና በእግሩ ፍጥነት የሚጫወት ሰው ነበር። ዊምብልደን ላይ ከሩብ ፍጻሜ አልፎ አያውቅም። አልካራዝ ግን ተቀናቃኙን በኃይለኛ ምት ወደ ኋላ ከገፋው በኋላ ኳሷን ላባ አስመስሎ ከመረቡ አጠገብ የሚጥል፣ ሳይታሰብ ወደ መረቡ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። ይህ ጨዋታ ስሕተት የበዛበት ነው፤ ጠንቃቃ አሰልጣኝ ቢሆን «ተው» ብሎ ይቀንሰው ነበር። ፌሬሮ አልቀነሰውም፤ መቼና ለምን እንደሚጠቀምበት አስተማረው እንጂ። ውጤቱ መምህሩ ባልደረሰበት ሜዳ ላይ ታየ፤ በ2023 አልካራዝ ኖቫክ ጆኮቪችን አራት ሰዓት ከ42 ደቂቃ በፈጀ ፍጻሜ 3 ለ 2 አሸንፎ ዊምብልደንን ወሰደ፤ በ2024ም ደገመው። አራት ግራንድ ስላም ካሸነፈ በኋላም ለ2025 ሲዘጋጅ የሰርቭ (የመክፈቻ ምት) አመታቱን ለወጠ። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ወጣት የሚሠራለትን ነገር አፍርሶ እንዲሠራ ማሳመን ከመምህርነት ሁሉ ከባዱ ነው።

በ2024 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ የሆነውንም ሳላነሣ አላልፍም። አልካራዝ ከ21 ዓመት በፊት መምህሩ ባሸነፈበት ሜዳ ያገኘው ተጋጣሚ ዝቬሬቭ ነበር፤ የፌሬሮ የቀድሞ ተማሪ። አልካራዝ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ ተነሥቶ 3 ለ 2 አሸነፈ።

የአሰልጣኙን ሚና ያሳደገ ሌላም ነገር በእነዚሁ ዓመታት ተፈጠረ፤ እሱም የሕግ ለውጥ ነው። ቴኒስ በግል ውድድሮች ለረጅም ዘመን ተጫዋቹን ብቻውን የሚተው ስፖርት ነበር፤ አሰልጣኝ ከመቀመጫው ምልክት ቢሰጥ ተጫዋቹ ይቀጣ ነበር። ኤቲፒ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ከመቀመጫ ምክር መስጠትን በሙከራ ፈቀደ፤ የእጅ ምልክት በማንኛውም ጊዜ፣ አጭር ቃል ደግሞ ተጫዋቹ አሰልጣኙ ባለበት ጫፍ ሲሆን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተጀመረው የአሜሪካ ኦፕን የሙከራው አካል ነበር፤ አልካራዝ የመጀመሪያውን ግራንድ ስላም ያሸነፈውም እዚያ ነው። በሩብ ፍጻሜው ከሲነር ጋር አምስት ሰዓት ከሩብ ተጫውቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ለመሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቶት ከነበረበት ተነሥቶ አሸነፈ። ፌሬሮ ያን ሁሉ ሰዓት ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ እጁን እያንቀሳቀሰ ይናገር ነበር። አልካራዝ ዋንጫውን ወስዶ በ19 ዓመቱ በኤቲፒ ደረጃ ታሪክ ትንሹ የወንዶች ቁጥር አንድ ሲሆን፣ ፌሬሮም በዚያ ዓመት የኤቲፒ የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ምክሩን በሕጉ ውስጥ አስገባው።

ለውጡን የሚቃወሙ ሰዎች ቴኒስ የብቸኝነት ፈተናውን አጣ ይላሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ግን የተሟላ አይመስለኝም። በ2025 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ሲነር ለዋንጫው አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀረው አልካራዝ ሦስት ጊዜ ተርፎ፣ በአምስት ሰዓት ከ29 ደቂቃ፣ በውድድሩ ታሪክ ረጅሙን ፍጻሜ አሸንፏል። በእነዚያ ሦስት ነጥቦች ላይ ኳሷን የመታለት አሰልጣኝ የለም። ሕጉ የለወጠው ዋናው ነገር አሰልጣኙ ለሕዝብ መታየቱ ነው፤ መታየት ደግሞ ዋጋውንም ተጠያቂነቱንም ያሳድጋል።

ዋጋ ካልን ወደ ስንብቱ እንመለሳለን። የቴኒስ አሰልጣኝ እንደ ልማዱ የሚከፈለው ቋሚ ደመወዝና ከሽልማት ገንዘብ የተወሰነ ድርሻ ሲሆን፣ ውሉ በየዓመቱ መጨረሻ እንደገና ይታያል። ተማሪው 15 ዓመቱ ሳለ ውሉ የሚመች ነው፤ መምህሩ ዝነኛ፣ ተማሪው ያልታወቀ ልጅ ነውና። ሰባት ዓመት ሲያልፍ ሚዛኑ ተገልብጦ ያድራል። ልጁ 22 ዓመት ሞልቶት የዓለም ቁጥር አንድ ነው፤ በዙሪያው ቤተሰብ፣ ወኪል፣ ጠበቃ አለ፤ የትና መቼ እንደሚሠለጥን ራሱ መወሰን ይፈልጋል፣ መፈለጉም ተገቢ ነው። ፌሬሮ ከመለያየቱ በኋላ ለስፔን መገናኛ ብዙኃን በሰጠው ቃል በውሉ አንዳንድ ነጥቦች ላይ ሳይስማሙ መቅረታቸውን ገልጿል። የጠብ ቃል ግን ከሁለቱም ወገን አልተሰማም።

አካዳሚው ለፌሬሮ ኃይል የሆነውን ያህል በመጨረሻ ሸክምም ሆኖበታል ብዬ አስባለሁ። የራሱ ቤት ያለው መምህር ሥርዓቱን በቤቱ ግድግዳ ይጠብቃል፤ ተማሪው ጎልምሶ ከግድግዳው ሲወጣ ግን መምህሩ ቤቱን ጥሎ በየአህጉሩ ሊከተለው አይችልም። ፌሬሮ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ አካዳሚ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ለዚህም ነበር ከ2025 የውድድር ዘመን መግቢያ ጀምሮ ሳሙኤል ሎፔዝ ጉዞውን እንዲካፈለው የተደረገው። ሎፔዝ ስፔናዊውን ተጫዋች ፓብሎ ካሬኞ ቡስታን ለዓመታት ያሠለጠነ፣ ከዚያው ከኤኬሊቴ የወጣ የፌሬሮ የረጅም ጊዜ ባልደረባ ነው።

ፌሬሮ ሲሄድ አልካራዝ ከውጭ ታላቅ ስም ያለው አሰልጣኝ ሊያመጣ ይችላል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ሎፔዝ ቀረ። የቪሌናው የልምምድ ዘዴ፣ ቃላቱ፣ ሰርቩ እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቀው ሰው፣ ከአልካራዝ ጋር ወደ 2026 ተሻገረ፤ ፌሬሮ ደግሞ በልጅነቱ ካስካሌስ ኳስ ያቀበለው ሜዳ ላይ፣ ከአልካራዝ ቀጥሎ ከመጡት ልጆች ጋር ቀረ።